ቋሚ ባላስት ምንድን ነው? ሥራው መርከብን ማክበድ አይደለም

«መርከቧ ከተንገዳገደች ግርጌዋ ላይ ብረት ይጨመርባት፤ አለቀ!» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ጸሐፊው ቋሚ ባላስትን መርከብን በክብደቱ ተጭኖ የሚያረጋ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው።

ቋሚ ባላስት በመርከብ ግርጌ ተደርድሮ ወይም ፈስሶ እዚያው የሚቀር ጠጣር ነው፤ ብረት፣ ኮንክሪት፣ አንዳንዴም እርሳስ። ሥራው የመርከቧን የስበት ማዕከል ዝቅ ማድረግ ነው። ያጋደለች መርከብ ቀና ለማለት ያላት አቅም የሚለካው ይህ ማዕከል ሜታሴንተር ከሚባለው ነጥብ (መርከቧ በትንሹ ስታጋድል ውሃው ወደ ላይ የሚገፋበት መስመር የመርከቧን የመሃል መስመር ከሚያቋርጥበት) ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደተቀመጠ ነው፤ ርቀቱን ጂኤም እንለዋለን። ሺህ ቶን በስበት ማዕከሉ ከፍታ ላይ ብትጭን ማዕከሉ ንቅንቅ አይልም። ክብደት ጨመርክ እንጂ ዝቅ አላደረግክም።

የተጫነች አህያ አስብ። ጭነቱን ጀርባዋ ላይ ብትቆልለው ስትሰናከል ይገለበጣል፤ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገህ ብታስረው ይረጋል። እስከዚህ ድረስ አስተያየት ሰጪውና እኔ አንጣላም። አሁን ግን አህያዋን ጥልቅ ወንዝ በዋና አሻግራት። በጎኗ የምትጨምረው ድንጋይ ሁሉ ውሃውን ወደ ጀርባዋ ያስጠጋዋል፤ ለእህሉ የሚተርፋት አቅምም ይቀንሳል። መጫኛው ከላላማ ድንጋዩ ራሱ ጠላቷ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ በመጀመሪያ ጉዞዋ የሰመጠችውን የስዊድን ጦር መርከብ ቫሳን እያነሳ «የባላስት ድንጋይ ጎደላት» የሚል ሰው አይጠፋም። ግርጌዋ 120 ቶን ገደማ ድንጋይ ነበረ። ችግሯ ከውሃ በላይ ያለው አካሏና መድፎቿ መክበዳቸው ነው። ድንጋይ ቢጨመርባት ኖሮ የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ወደ ውሃው ይበልጥ ይጠጉ ነበር፤ ውሃው የገባውም በእነሱ በኩል ነው።

ጂኤም በጣም ሲበዛም አይወደድም። መርከቧ ከማጋደሏ በድንገት ተፈናጥራ ትመለሳለች፤ የጭነት ማሰሪያ ይበጠሳል፣ ሰው ይወድቃል።

ታዲያ የባላስት ውሃ ታንክ (ለማረጋጊያ ውሃ የሚሞላበትና የሚወጣበት) እያለ ቋሚው ለምን ያስፈልጋል? በግማሽ የተሞላ ታንክ ውስጥ ውሃው ወደ አጋደለው ጎን ይሮጣል፤ ጠጣር ባላስት ግን ካልተፈታ አይሮጥም። በዚያ ላይ ጭነት ለማብዛት ሲባል ውሃ በፓምፕ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሰመጠችው የደቡብ ኮሪያ ጀልባ ሴዎል ላይ ከፍ ብለው የተጨመሩ ክፍሎች ነበሩ፤ ከተፈቀደላት እጥፍ በላይ ጭና የባላስት ውሃዋን ግን ቀንሳ ነበር የወጣችው። ኮንክሪትን ማንም በአንድ ሌሊት በፓምፕ አያወጣውም።

እኛ የመርከብ ነዳፊዎች የማንወደው ነገር ቢኖር ግን፣ በንግድ መርከብ ላይ ቋሚ ባላስት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስሌት ወይም በኋላ ከላይ የተደረበ ግንባታ ማረሚያ መሆኑ ነው። (ባለ ሸራ ጀልባ ሌላ ነገር ነው፤ ባላስቱ ከመጀመሪያው የንድፉ አካል ነው።) የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የመርከብ መረጋጋት ደንብም ባላስቱ በጸደቀ ፕላን መሠረት፣ እንዳይንሸራተት ሆኖ እንዲቀመጥ፣ ያለ ፈቃድም እንዳይነሳ ወይም ቦታ እንዳይቀይር ያዛል። ከባዶ መርከቧ ክብደት ጋር ስለሚቆጠር፣ ሁለት ቶን እንኳ አንስቶ ዝም ያለ ሰው የመረጋጋት መጽሐፏን (የመርከቧ የክብደትና የመረጋጋት ስሌት የሰፈረበትን ሰነድ) ሐሰተኛ አድርጎታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኮንክሪት የለበሰ የግርጌ ብረት በዓይን አይታይም። እርጥበት ከሥር ከገባ ዝገቱ ተደብቆ ይሠራል፤ አሮጌ መርከብ የሚገዛ ሰው የብረቱ ውፍረት ከውጭ በኩል እንዲለካለት ይጠይቅ።