«መስፈርቱን ዝቅ አደረጋችሁ» ለሚሉኝ

የምሠራው በአንድ ዓለም አቀፍ ባንክ የቅጥር ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ብዝኃነትና ስለ እኩል ዕድል ወሬ በተነሳ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብቻ መስፈርት ዝቅ እንዳይል።» ይህን የሚለኝ ሰው ሁሉ ነገሩን መጀመሪያ ያሰበው እሱ ይመስለዋል። ሰለቸኝ።

እሺ፣ ስለ መስፈርት እናውራ።

አንድ ጊዜ ለብድር ስጋት ትንተና ክፍል ሰው እንፈልግ ነበር። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። እያንዳንዳቸው ለአምስት ጥያቄ ከአምስት ነጥብ ይሰጣሉ። ስለ አንዲት አመልካች ከአንዱ የመጣው ቅጽ እንዲህ ይላል፦ 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4። ከሥሩ ደግሞ በእስክሪብቶ «ጎበዝ ናት፤ ግን ከቡድኑ ጋር የምትገጥም አይመስለኝም።» ጠራሁትና ምኗ ነው የማይገጥመው አልኩት። ትንሽ አሰበ። «እንዲሁ ስሜት ነው» አለኝ።

እሱ የደገፈውን ልጅ ቅጽ አየሁ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ይወርዳል። የቃለ መጠይቁ እኩሌታ በኳስ ወሬ እንዳለቀ የሰማሁት በኋላ ነው። ልጁ ተቀጠረ። እንግዲህ መስፈርቱን ዝቅ ያደረገው ማን ነው? እኔ ነኝ?

«መስፈርት ይወርዳል» የሚሉ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ድሮ ሁሉም በአንድ ሜዳ ይለካ የነበረ ይመስላቸዋል። አይለካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ቦስተንና ቺካጎ ላይ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ የፈጠራ ሲቪዎችን ላኩ። ስሙን ግን በዕጣ አንዳንዴ የነጭ፣ አንዳንዴ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል አደረጉት። የነጭ ስም የያዘው 50 በመቶ ገደማ የበለጠ ጥሪ አገኘ። ቃለ መጠይቅ ገና ሳይጀመር ማለት ነው።

እኩል ዕድል በተግባር የሚጠይቀው ደግሞ አሰልቺ ነገር ነው። ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይጽፋሉ፤ ለነጥቡም ምክንያት ያስቀምጣሉ። ይሄ ማጥበቅ እንጂ ማላላት አይደለም። የሚከፋቸውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የምሰማው አባባል፦ «እኛ ለእኩል ሥራ እኩል ነው የምንከፍለው፤ ስለዚህ የደመወዝ ልዩነት የለም።» ይህን የሚለኝ ብዙ ጊዜ የፋይናንስ ሰው መሆኑ ይገርመኛል፤ ቁጥር ማንበብ ሥራው አይደል? ሲቲ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቁጥር አወጣ። የሥራ ዓይነት፣ የሥራ ደረጃና አገር ሲስተካከል፣ ማለትም በእነዚህ የሚመሳሰሉት ብቻ ሲነጻጸሩ፣ ሴቶች ወንዶች ከሚያገኙት 99 በመቶ ያህል ያገኛሉ። ምንም ሳይስተካከል የሴቶቹ መካከለኛ ክፍያ (ሁሉም በቅደም ተከተል ሲደረደር መሃል ላይ የሚውለው) የወንዶቹ 71 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያው ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይናገራል። ሁለተኛው ማን የት እንደተቀመጠ ይናገራል፦ ዳጎስ ያለ ቦነስ ያለበት ወንበር ላይ ማን አለ፣ ታች መስኮት ላይ ማን አለ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይህን ያልተስተካከለ ቁጥር እንዲያሳውቅ በሕግ ያስገደደችው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው።

«ኮታ ነው።» ግብና ኮታ አንድ አይደሉም፤ ግብ ልንደርስበት የምንጥርበት ነው፣ ኮታ ግን የግድ መሞላት ያለበት ቁጥር ነው። በየክርክሩ የሚጠቀሰው፣ «ከእያንዳንዱ ጾታ ቢያንስ 40 በመቶ» የሚለው የኖርዌይ ሕግም የዳይሬክተሮች ቦርድን እንጂ የሠራተኛ ቅጥርን አይመለከትም።

«ሴት አለቃ ከመጣች ችግሩ አለቀ።» ጄን ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲቲን ስትረከብ ከዎል ስትሪት ታላላቅ ባንኮች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አንድ ወንበር ነው። መካከል ላይ ያሉትን ወንበሮች ቁጠሩ።

«አካል ጉዳተኛ መቅጠር ወጪው አይቻልም።» ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም እኮ ጠረጴዛችሁ ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር አብሮ መጥቷል። ከፍታችሁት ስለማታውቁ ነው።

አሁን ለሥራ ፈላጊዎች። ካልተሳካላችሁ «ለምን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መልሱ «ብዙ ጥሩ ተወዳዳሪ ነበር» ነው። «ነጥብ ያጣሁት የትኛው ጥያቄ ላይ ነው?» በሉ። ልጅ መውለድ አስበሽ እንደሆነ የሚጠይቅሽ ካለ፣ በፈገግታ «ይህ ጥያቄ ለሁሉም ይቀርባል?» በይው። ዝም ሲል ታዪዋለሽ። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እድገት የሚወጣበትን መስፈርት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ መስፈርት በቃል ይቀየራል።

ያ ጠያቂ ዛሬም ይጠይቃል። ቅጹን ቀይረነዋል፤ «ሌላ አስተያየት» የሚለውን ባዶ ቦታ ሰረዝነው። ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ቅጽ ጠርዙ ላይ፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ጽሑፍ «ትንሽ ዝምተኛ» ይላል። ስልኩን አንስቼ ደወልኩለት።