ውርንጭላው ጠብቷል፤ ታዲያ መከላከያው የት ሄደ?

«ውርንጭላው ጠብቶ እያለ በደም ምርመራ የበሽታ መከላከያው ለምን ዝቅ አለ?» የሚለው ጥያቄ ተደጋገመ። መጥባትና መከላከያ ማግኘት አንድ አይደሉም።

የባዝራ የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ (በደም ውስጥ ያለ በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ውርንጭላ ሲወለድ ባዶ እጁን ነው ማለት ይቻላል። መከላከያው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው፤ ያ ወፍራም፣ ቢጫማ፣ የሚያጣብቅ የመጀመሪያ ወተት።

አንጀቱን እንደ በር አስቡት። በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሰዓታት አንቲቦዲውን በደንብ ያስገባል። ከዚያ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል።

ባዝራዋ ከመውለዷ ሁለት ቀን በፊት ጡቷ ያንጠባጥብ ነበር እንበል። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆመ፤ በሁለተኛው ጅራቱን እያወዛወዘ ጠባ። ደስ ይላል! እንገሩ ግን አብዛኛው መሬት ላይ ቀርቷል። ሆዱ ሞላ፤ ደሙ አልሞላም።

በሩ መዘጋቱ እርግጥ ነው። የእንገሩ ጥራት ግን ከባዝራ ባዝራ ይለያያል። ለዚህ ነው በ18 እና በ24 ሰዓት መካከል ደም የሚመረመረው። አንቲቦዲው በዴሲሊትር (በሊትር አንድ አሥረኛ) ከ800 ሚሊግራም በላይ ከሆነ በቂ ነው፤ ከ400 በታች መከላከያው አልተላለፈም። መሃል ላይ ከሆነ ሐኪሙ የውርንጭላውን ሁኔታ አይቶ ይወስናል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ እንገር ማጠጣት ለደሙ አይጠቅምም። ያኔ ሐኪሙ በደም ሥር ፕላዝማ፣ ማለትም አንቲቦዲ ያለበትን የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ይሰጠዋል።