ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር፦ የመንገድ ርቀትና የበረራ ጊዜ

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚያልፈው ዋናው የአስፋልት መንገድ ግን ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለዚህ ሰፊ ልዩነት አንዱ ምክንያት መንገዱ የጎጃምን ከተሞች እያዳረሰ ወደ ምዕራብ መታጠፉ ነው፤ ሌላውና መንገደኛ ዕድሜ ልኩን የሚያስታውሰው የዓባይ በረሃ ነው።

ከእንጦጦ ጋራ ማዶ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በፍቼ አልፎ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ያለው ጉዞ በደጋ ሜዳ ላይ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ከጎሐ ጽዮን ደጀን በቀጥታ ሲለካ ከ20 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ በመኪና ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የነበረ ተሳፋሪም ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ጋቢውን አጣጥፎ መስኮት ይከፍታል። ተዳፋቱ በክረምት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ የጭነት መኪና ከፊት ከገጠመ ደግሞ ለመቅደም የሚያመች ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የዚህን መንገድ ጊዜ በኪሎ ሜትር ብቻ ማስላት ያሳስታል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ፣ ጠባቡ አሮጌ ድልድይ ይፈጥር የነበረውን ችግር አቃልሏል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን እንዳለ ነው።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ይሄዳል። በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት የሚያቋርጠው ሁለተኛው መንገድ ርቀቱን ከ500 ኪሎ ሜትር በታች ያደርገዋል። በሰላሙ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚነሣ ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ አመሻሹ ላይ ባሕር ዳር ይገባል። በቅርብ ዓመታት ግን በአካባቢው በተፈጠረው ግጭት መንገዱ በተደጋጋሚ ስለሚዘጋ፣ ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ መጠየቅ የግድ ሆኗል።

የአውሮፕላን ጉዞው በፕሮግራም 1 ሰዓት ገደማ የሚያዝለት ሲሆን፣ አየር ላይ የሚቆየው ከዚያ ያነሰ ነው። አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚለፋበትን ሸለቆ አውሮፕላኑ በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል። ሆኖም ቦሌ ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ በመጨረሻም ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው መግባቱ ሲደመር ጉዞው ከቤት እስከ ቤት ግማሽ ቀን ሊደርስ ይችላል።

በትኬት ላይ ያለው ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ 07:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም። ለአዛውንት ወላጅ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ይህን በቃል ቢያስረዳ፣ ቢቻልም በወረቀት ጽፎ ቢሰጥ ይመረጣል።