የሚበላ የፍራፍሬ ሽፋን

የሚበላ ሽፋን በተለቀመ ፍሬ ላይ በስሱ የሚለበጥና ከፍሬው ጋር ቢበላ ጉዳት የሌለው ንጣፍ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ፍሬው በፈሳሹ ይነከራል፣ ይረጭበታል ወይም በብሩሽ ይቀባል፤ ከዚያም ይደርቃል።

ፍሬ ከዛፉ ከተለየ በኋላም ይተነፍሳል። ኦክስጅን እያስገባ ስኳሩንና አሲዱን ያቃጥላል፣ በቆዳው በኩል ውኃ ያጣል። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ቲማቲም ደግሞ ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ እያመነጩ መብሰላቸውን ያፋጥናሉ። የፍሬው የተፈጥሮ ሰም ይህን በመጠኑ ይገታል፤ ሆኖም በእጥበት ጊዜ ከፊሉ ይገፈፋል። ሽፋኑ የተገፈፈውን ይተካል፣ መብሰልንም ሳያቆም ያዘገያል። ሲወፍር ግን ፍሬው ይታፈናል፤ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ሲጀምር ኤታኖልና አሴታልዴሃይድ የተባሉ ውሁዶች ይጠራቀሙበትና ውጪው እያብረቀረቀ ጣዕሙ ይበላሻል። የሙያው ጥበብ ያለው በዚህ ልኬት ላይ ነው።

ቻይናውያን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብርቱካንና ሎሚ በሰም ይሸፍኑ እንደነበር በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ምግብን በስብ መለበጥ የተለመደ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፓራፊን የተባለው ሰም ቀልጦ ለብርቱካን ገበያ ዋለ፤ በ1950ዎቹ በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ከውኃ ጋር ተዋሕዶ መረጨት ጀመረ። ከነፍሳት የሚገኘው ሸላክም እስካሁን ለብርቱካንና ለፖም ማብረቂያነት ያገለግላል።

የዘርፉ እውነተኛ እመርታ የመጣው ግን ከሰም ባሻገር መመልከት ሲጀመር ነው። ሰምና ቅባት ውኃ ከፍሬው እንዳይወጣ በደንብ ያግዳሉ፤ ስታርች፣ የሴሉሎስ ውሁዶችና ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት ደግሞ ጋዝን ይገድባሉ፣ ውኃን ግን ማገድ አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱን ማዋሐድ ተመረጠ። በ1980ዎቹ የስኳርና የቅባት አሲድ ውሁድ ከሴሉሎስ ውሁድ ጋር ተቀላቅሎ ለገበያ ቀረበ። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራው ኪቶሳን የተለየ ጸጋ አለው፤ በቀላል አሲድ ይሟሟል፣ የፈንገስንም እድገት ይገታል። ለተመራማሪዎቹ ትዕግሥት ምስክር ከሚሆኑት አንዱ የግራር ሙጫ ነው፤ 10 በመቶ ሙጫ ባለው ፈሳሽ የተለበጠ ቲማቲም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 20 ቀን ጥራቱን እንደጠበቀ ተመዝግቧል። በሬት ዝልግልግ የተለበጠ የወይን ዘለላም በ1 ዲግሪ ቅዝቃዜ 35 ቀን ሲቆይ፣ ያልተለበጠው የቆየው 7 ቀን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከሐር ፕሮቲን የተሠራ ሽፋን በእንጆሪ ላይ ተፈትኗል።

እንዲህ ያለው ውጤት በትልቅ የፍራፍሬ ማሸጊያ ድርጅት ውስጥም ይደገም እንደሆነ በባለሙያዎች ዘንድ አሁንም ያከራክራል፤ የፍሬው ዝርያ፣ የብስለቱ ደረጃና የማከማቻው ሙቀት ልኬቱን ይለውጡታልና። ሽፋን ማቀዝቀዣን ይተካል የሚሉም አሉ፤ ምናልባት ለአንዳንድ ፍሬዎች ለጥቂት ቀናት ይሆን ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2023 አፒል የተባለ ኩባንያ የሚሠራው ሽፋን ጤናን ይጎዳል ተብሎ የተነዛው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ወሬው የተነሣው ስሙን ከሚጋራ ሌላ የጽዳት ምርት የደኅንነት መግለጫ ነው፤ የኩባንያው ሽፋን በምግብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከኖሩ የቅባት ውሁዶች የሚሠራ ነው። ክብደት ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሸላክ ከነፍሳት፣ ኪቶሳን ከባሕር እንስሳት፣ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ከወተት ስለሚገኙ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ለሚቆጠቡና አለርጂ ላለባቸው ሰዎች በማሸጊያው ላይ መገለጽ ይኖርባቸዋል።