ከአርባ በኋላ ሥራ ለመቀየር ያጠራቀሙትን ብር በምን ማዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሮ ከአርባ በኋላ ሥራ መቀየር እንደ ቅብጠት ይታይ ነበር። አሁን የቢሮ ሠራተኛው ዶሮ ማርባት ያስባል። መምህሯ ልብስ ስፌት ትጀምራለች። ሾፌሩ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማራል። እኔ የሰው ሒሳብ መዝገብ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ የሚጠይቁኝ ስለ ሙያው አይደለም፤ ስለ ብሩ ነው። «ይህን ያህል አጠራቅሜአለሁ፣ በምን ላውለው?» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ይለያያሉ፤ አብረው የሚያመጧቸው እምነቶች ግን በጣም ይመሳሰላሉ።

«ቁጠባው ለመነሻ ነው፤ የቤቱን ወጪ ሥራው ራሱ ያመጣዋል»

ከሁሉም የሚያከስረው ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ዶሮን እንውሰድ፤ ሥራ ለመልቀቅ ያሰበ ሰው ሁሉ አንዴ ሳያስባት አያልፍምና። 300 የአንድ ቀን ጫጩት ገዛችሁ እንበል። መጀመሪያ ሙቀት ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይገባል። ፈንግልና ጉምቦሮ ለሚባሉት የዶሮ በሽታዎች ክትባት አለ፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ሰጋቱራ አለ። አንዲት ጫጩት እንቁላል መጣል እስክትጀምር አምስት ወር ገደማ ይፈጅባታል፤ እስከዚያ ከ6 ኪሎ በላይ መኖ ትበላለች። ለ300ው ከ18 ኩንታል በላይ መኖ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም እንቁላል አልተሸጠም።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን አውጡ። ብዙ ሰው «አዲስ ዓመት፣ አዲስ ሥራ» ብሎ ጫጩት የሚያስገባው በመስከረም ነው። ከመስከረም አምስት ወር ሲቆጠር የካቲት ይመጣል። ልክ ዶሮዎቹ መጣል ሲጀምሩ ዐቢይ ጾም ከተፍ ይላል። ለ55 ቀን እንቁላል ፈላጊው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ዶሮዋ ግን አትጾምም። የምትጥል ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ 300ዎቹ በቀን 36 ኪሎ ይጨርሳሉ፤ በጾሙ ብቻ ወደ 20 ኩንታል ይሄዳል። ኅዳር ላይ የገባች ጫጩት መጣል የምትጀምረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ያኔ ጾሙ ወይ ተፈቷል ወይ ሊፈታ ነው። ሥራው ያው ነው፣ ጫጩቱም ያው ነው፤ በሁለት ወር ልዩነት ግን የአንዱ ሰው ቁጠባ ይተርፋል፣ የሌላው ያልቃል።

በእነዚያ ወራት ቤት ውስጥ ደግሞ ኑሮ አይቆምም። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ዕድር፣ ድንገት የታመመ ሰው። ሰዉ የሚከስረው ዶሮው ስለሞተበት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ወር ለቤት የሚሆን ስለሚያጣ ደህና ዶሮዎቹን ለሥጋ በርካሽ ይሸጣቸዋል። ሥራው ሊከፍለው ሲል ማለት ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከኋላ ይጀምራል። የቤቱን የወር ወጪ ጻፉ፤ ሳትዋሹ። ሥራው ራሱን እስኪችል በሚፈጀው ወር አባዙት። በዚያ ላይ ግማሹን ጨምሩ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ከታሰበው ይዘገያል። ያንን ብር ለብቻው አስቀምጡ። «መነሻ» የሚባለው የተረፈው ብቻ ነው። የተረፈው 300 ዶሮ ካልገዛ 50 ይግዛ። ለስፌትም፣ ለፎቶም፣ ለጥገናም ያው ነው፤ ደንበኛም እንደ ጫጩት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

«ብር ባንክ ከሚበላሽ ቶሎ ዕቃ ልግዛበት»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህንን ያየ ሰው ብሩን አቅፎ መቀመጥ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን ፍርሃቱ ሰውን ሥራውን ሳያውቅ ማሽን ያስገዛዋል። ገና ኮሌታ መሥራት ያልቻለ ሰው ሦስት የስፌት መኪና ይገዛል። «ነገ ይወደዳል» ነው ምክንያቱ። ሊወደድ ይችላል፤ እናንተ ግን የማሽን ነጋዴ ልትሆኑ አልተነሳችሁም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ለቤት የምትፈልጉት ብር ብር ሆኖ ይቀመጥ፤ ዋጋው ትንሽ ቢቀንስም እሱ የእርጋታችሁ ኪራይ ነው። ከዚያ የተረፈውን ዕቃ ግዙበት፤ ግን ተመልሶ የሚሸጠውን አስቀድሙ። ደህና የስፌት መኪና፣ ደህና ካሜራ፣ የብየዳ ማሽን ሥራው ባይሆን እንኳ ገዢ አያጣም። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻዩን ጋብዙት፣ ለድካሙም አስቡለት።

«ሱቅ ከሌለኝ ሥራ ጀመርኩ አይባልም»

ሱቅ ውስጥ የገባ ብር አብዛኛው አይመለስም። ጂፕሰም ኮርኒሱ፣ ሴራሚኩ፣ ግድግዳው ላይ የተሠራው መደርደሪያ፣ መብራቱ፤ ስትወጡ ለአከራዩ ነው የሚቀረው። «ቁልፍ» የሚባለውም አለ፤ ከነባሩ ተከራይ ላይ ቦታውን ለመረከብ ብቻ የሚከፈል። የሚቀጥለው ሰው ያንኑ ያህል ይከፍለኛል ብላችሁ ነው የምትገቡት። ላይከፍልም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። «በአዲሱ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም» ይባላል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህንን የሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ለንግድ ቤት አይሠራም። የሱቅ አከራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ቢላችሁ አዋጁን አትጥቀሱበት፤ ተደራደሩ ወይም ሌላ ፈልጉ።

የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች ከቤት ሆኖ፣ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ በሰው በሰው ማግኘት ያልቻለ ሥራ ሱቅ ስለተከፈተለት ብቻ አይነሳም። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ካልሆነ የማይሸጥ ነገር አለ፤ እሱን አልክድም። ጁስ ቤት ከጓዳ አይሠራም።

«ዲግሪ ካልያዝኩ በዚህ ዕድሜዬ ማን ያስገባኛል?»

ለሕክምና፣ ለጥብቅና፣ ለመምህርነት ልክ ነው፤ ያለ ወረቀት አይሆንም። ለሌላው ግን መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቁ። ምን ተምረው እንደገቡ ሳይሆን ባለፈው ወር ማንን እንደቀጠሩና ለምን እንደቀጠሩ ነው የሚጠየቁት።

ዲግሪ የሚበላው ክፍያውን ብቻ አይደለም፤ አራት ዓመትም ይበላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። የግልም ሆነ የመንግሥት ተቋም ተማሪ ሳያልፍ ዲግሪውን አያገኝም። ክፍያ ስለጨረሳችሁ ወረቀቱ ይሰጣችኋል ማለት አይደለም። በቴክኒክና ሙያ በኩል ያለው መንገድ አጭር ነው። ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ተፈትኖ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ መያዝ ይችላል፤ ለአርባ ዓመት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የኮምፒውተር ሥራ ለሚያስቡ ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና አለ፤ በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። በነፃ የመጣውን በየማታው ተቀምጣችሁ መጨረስ ካቃታችሁ በአሥር ሺዎች የሚከፈልበት ኮርስ አያስጨርሳችሁም። ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁት ደግሞ የቱ ኮርስ ብር እንደሚገባው ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

«ሙሉ በሙሉ ካልለቀቅኩ አልበረታም»

አነቃቂ ንግግር የሚያበዙ ሰዎች ይህቺን ይወዷታል። መመለሻውን ድልድይ አፍርሱት ይላሉ። የእኛ ሰው ግን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በሌላው ተንጠልጠል» ነው ያለው፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ለሙከራ የሚሆን ጊዜ በእጃችሁ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ከ20 ቀን በላይ አለው፤ ከእሁዶቹ ጋር ወደ 25 ቀን ይጠጋል። ያንን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ አሳልፉት። ዳቦ ቤት ማለት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መነሳት ነው። ዶሮ ቤት ማለት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ነው። ወገብ የሚችለውንና የማይችለውን ወገብ ራሱ ይናገራል። ቁጠባው ሳይነካ የተገኘ ዕውቀት ነው።

«እቁብ ስለደረሰኝ ብሩ የእኔ ነው»

ቀድሞ የበላ ሰው ባለዕዳ ነው። ዋስ ጠርታችሁ ነው የበላችሁት። ደመወዙ ቢቆምም ዙሩ እስኪያልቅ መጣል አይቆምም። ከደመወዝ ሳትወጡ መጨረስ የማትችሉት እቁብ ካለ፣ ቀሪውን የወር ወጪያችሁ ውስጥ ደምሩት እንጂ ቁጠባ አትበሉት። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው ብቻ ነው የራሱን ብር የያዘው።

«ከለቀቅኩ ጡረታዬም ጥቅሜም ገደል ገባ»

አይገባም። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ የነበረው ጡረታ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግላችሁ ከሆነ በገዛ ፈቃዳችሁ ብትለቁም መብቱ ይቆያል፤ አበሉ 60 ዓመት ሲሞላ ይጀምራል። የሚሰላው ግን ከመልቀቃችሁ በፊት በነበረው ደመወዝ ነው፤ በ45 የተለቀቀ ደመወዝ በ60 ምን እንደሚገዛ መገመት ከባድ አይደለም። እሱን ተማምናችሁ ቁጠባውን አትጨርሱ። ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ላይ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አሥሩን ሙሉ።

የሥራ ስንብት ክፍያ የሚባለውን ብዙ ሰው የተባረረ ብቻ የሚያገኘው ይመስለዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አምስት ዓመት የሠራና በስልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሰው በፈቃዱ ቢለቅም ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ እያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ። 15,000 ብር የሚከፈለውና 12 ዓመት የሠራ ሰው 15,000 ሲደመር 11 ጊዜ 5,000፣ ማለትም ግብር ሳይነሳለት 70,000 ብር ያገኛል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አትርሱ፤ ተናዶ በአንድ ቀን ወጥቶ የሚሄድ ሰው በገዛ እጁ ክርክር ያመጣል። ይህ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይሠራም፤ የእነሱ ሕግ ሌላ ነው።

«ሲሳካልኝ ለባለቤቴ እነግራታለሁ»

ወይም «እነግረዋለሁ»፤ ሁለቱም ያደርጉታል። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደርም ሆነ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ አንዲት ዶሮ አይገዛም፤ ሕጉ ላይ ግን እንደዚያው አለ። ስለዚህ «ትንሽ ተበድሬ ልሙላበት» የሚለው ሐሳብ እንኳ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

ከሕጉ በላይ ግን ሁለት ሆኖ መነጋገር አንድ ጥቅም አለው፤ የማቆሚያው መስመር። «ቁጠባው እዚህ ቁጥር ላይ ከደረሰ ወደ ቅጥር ሥራ እመለሳለሁ» የሚለውን መጀመሪያ ላይ፣ ሰላም ባለበት ቀን፣ ሁለታችሁ ወስናችሁ ጻፉት። ብሩ እያለቀ ሲሄድ ሥራውን የጀመረው ሰው ሁልጊዜ «አንድ ወር ብቻ» ይላል። ያኔ ወረቀቱን የሚያወጣው ሌላኛው ነው።