ለሥራ ወደ ዲሲ ዙሪያ ለሚዛወሩ፦ ስለ ቤትና ስለ ኑሮ ወጪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ አካውንታንት ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ከአትላንታ፣ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዳላስ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሲዛወር መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ሰፈር ይሻላል?" ብሎ ነው። እዚህ ግን የሰፈሩ ስም ሌላ፣ ገንዘብዎን የሚወስነው ወሰን ሌላ ነው። በግማሽ ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ሦስት የገቢ ግብር ሕግ፣ ሦስት የተከራይ ሕግና ከሦስት የሚበልጡ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች አሉ። ከታች ያሉት አባባሎች ቡና ላይ ዘወትር የሚሰሙ ናቸው። የግብር ስሌቶቹ በ2025 ደንብ፣ ላላገባና መደበኛውን ቅናሽ ለሚወስድ ሰው የተሠሩ ግምቶች ናቸው።

"በዓመት 100,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው 2,500 ዶላር ኪራይ አይከብድም"

ይህ አባባል የመጣው ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይብለጥ ከሚለው መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያየው ግብር ያልተቆረጠበትን ደሞዝ ነው። አከራዮችም "ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሁን" ሲሉ እሱኑ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ማመልከቻዎ ጸደቀ ማለት ኪራዩን ይችሉታል ማለት አይደለም።

በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ከ100,000 ዶላር ላይ የፌዴራል ግብር ወደ 13,400፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7,650፣ የስቴትና የካውንቲ ግብር ወደ 7,400 ዶላር ይሄዳል። የሚተርፈው በወር 5,950 ዶላር ገደማ ነው። 2,500 ዶላር ከዚህ ላይ 42 በመቶ ነው፤ ያውም የጤና መድን፣ የጡረታ ቁጠባና የመኪና ወጪ ሳይነሳ። አገር ቤት ለቤተሰብ የሚላከውም አለ፤ የአከራይ ቅጽ ላይ "ለእናት የሚላክ" የሚል መስመር የለም። ስሌቱን ባንክ ከሚገባው ገንዘብ ይጀምሩ። ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔትና የመኪና ማቆሚያ ተደምረው ከዚያ ከ40 በመቶ ካለፉ፣ አንድ የመኪና ጥገና ብቻ ወደ ክሬዲት ካርድ ይገፋዎታል።

"ዲሲ ከሠራሁ ግብሬን የምከፍለው ለዲሲ ነው"፣ "የዲሲ ግብር ከሁሉም ይከብዳል"

ሁለቱም ስህተት ናቸው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ስምምነት ስላለ የደሞዝ ግብር የሚከፈለው ለሚኖሩበት እንጂ ለሚሠሩበት አይደለም። ችግር የሚመጣው በመጀመሪያው የሥራ ቀን ቅጽ ላይ ነው። ሜሪላንድ እየኖሩ ዲሲ ከሠሩ ለአሠሪዎ ዲ-4ኤ የሚባለውን "የዲሲ ነዋሪ አይደለሁም" የሚል ቅጽና የሜሪላንዱን ኤምደብሊው 507 ይስጡ። ቨርጂኒያ ከኖሩ በኤምደብሊው 507 ፋንታ ቪኤ-4 ነው። ይህ ካልተደረገ አሠሪው ለዲሲ ሊቆርጥ ይችላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡን በዲ-40ቢ ከዲሲ ማስመለስ ይኖርብዎታል፣ ሜሪላንድ ደግሞ ያልተከፈለኝ አለ ብላ ትጠይቅዎታለች።

ክብደቱን በተመለከተ፣ በ100,000 ዶላር ደሞዝ የቨርጂኒያ ግብር ወደ 4,900፣ የዲሲ ወደ 5,600፣ የሞንጎመሪ ወደ 7,400 ዶላር ይደርሳል። ሞንጎመሪን የሚያስከብደው በስቴቱ ላይ የሚጨመረው 3.2 በመቶ የካውንቲ ገቢ ግብር ነው። ዲሲ ከሞንጎመሪ የሚብሰው ደሞዝ እጅግ ከፍተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ቨርጂኒያም ርካሽ ናት ብለው አይዝናኑ፤ በየዓመቱ በመኪናዎ ዋጋ ላይ ግብር አለባት። በፌርፋክስ ካውንቲ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር የመኪና ዋጋ ከ4 ዶላር ከ50 ሳንቲም በላይ ነው። ለግል መኪና የመጀመሪያው 20,000 ዶላር ላይ ከፊል ቅናሽ ይደረጋል፤ ሁለት አዳዲስ መኪና ያለው ቤተሰብ ግን ከገቢ ግብሩ ያተረፈውን ብዙውን እዚህ ይመልሰዋል።

"አድራሻው አሌክሳንድሪያ ስለሚል ቤቱ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው"

በአድራሻ ላይ የሚጻፈው የከተማ ስም የፖስታ ቤቱ ነው። "አሌክሳንድሪያ" የሚል አድራሻ ካላቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው፤ ግብራቸውም ትምህርት ቤታቸውም የፌርፋክስ ነው። ፎልስ ቸርች ደግሞ ይብሳል። ከተማዋ ከሁለት ካሬ ማይል እምብዛም አትበልጥም፣ የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ ስሟ ግን ሴቨን ኮርነርስና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ድረስ ይጻፋል፤ እነዚያም ፌርፋክስ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጭራሽ ከንቲባ ያለው ከተማ አይደለም፤ ከዲሲ ድንበር አንስቶ ከቀለበት መንገዱ (ቤልትዌይ) ወዲያ ብዙ ርቀው የሚገኙ ሰፈሮችም "ሲልቨር ስፕሪንግ" ይባላሉ። በአንጻሩ ሮክቪል፣ ጌትስበርግና ታኮማ ፓርክ እውነተኛ ከተሞች ስለሆኑ ቤት የገዛ ሰው ከካውንቲው በተጨማሪ የከተማ ንብረት ግብር ይከፍላል።

ለትምህርት ቤት ብለው ውድ ኪራይ የሚከፍሉ ከሆነ ሊዝ ከመፈረምዎ በፊት የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም በትምህርት ቤቱ አስተዳደር የክልል መፈለጊያ ገጽ ላይ ያስገቡ። የቤት ማስታወቂያ ገጾች የሚያሳዩት ትምህርት ቤት ሊሳሳት ይችላል፤ አንድ መንገድ ግራና ቀኙ ለሁለት ትምህርት ቤት የሚከፈልበት ቦታም አለ።

"ራቅ ባልኩ ቁጥር ይረክሳል"

የባቡሩን ሒሳብ ይሥሩ። በሥራ ቀናት የሜትሮ ረጅም ጉዞ በአንድ መንገድ እስከ 6.75 ዶላር ይደርሳል፤ በወር 22 ቀን ደርሶ መልስ 297 ዶላር ነው። በቀን 5 ዶላር ገደማ የጣቢያ ማቆሚያ ሲጨመር ከ400 ያልፋል። ስለዚህ ጀርመንታውን ያለው ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው በ400 ዶላር ቢቀንስ እንኳ፣ በየቀኑ ዲሲ ለሚገባ ሰው ከትርፉ ብዙው በመንገድ ያልቃል፣ ድካሙ ይቀራል። አሠሪዎ ለትራንስፖርት ከግብር በፊት የሚቆረጥ አበል ካለው ይጠይቁ። የሞንጎመሪ ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ክረምት ጀምሮ፣ የአሌክሳንድሪያው ዳሽ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ናቸው፤ በነሱ ወደ ጣቢያ የሚደርስ ቤት የማቆሚያውን ወጪ ያስቀራል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ ለሚገባ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ራቅ ማለት ያዋጣል።

"ሞንጎመሪ የኪራይ ጣሪያ ስላለው ኪራዬ ከ6 በመቶ በላይ አይጨምርም"

በ2023 የወጣው ሕግ ዓመታዊ ጭማሪውን በዋጋ ንረት ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ወይም 6 በመቶ፣ ከሁለቱ ባነሰው ይገድባል። ነገር ግን ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸውን ቤቶች አይነካም። ባለሙያዎች የሚመርጧቸው ጂምና መዋኛ ያላቸው አዳዲስ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። አንድና ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራዩ ባለቤቶችም እንዲሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከነጭራሹ ጣሪያ የለም።

ሌላው ወጥመድ "ሁለት ወር ነፃ" የሚለው ነው። 2,600 ዶላር የሚከራይ ቤት በ14 ወር ሊዝ ሁለት ወር ነፃ ሲሰጥ ማስታወቂያው 2,229 ዶላር ይላል። ሲታደስ ጭማሪው የሚሰላው ሊዙ ላይ ከተጻፈው 2,600 ነው። 5 በመቶ ቢጨመር 2,730 ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን ከለመዱት 2,229 ላይ የ500 ዶላር ዝላይ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ነፃው ወር ሳይቀነስ ዋናው ኪራይ ስንት ነው፣ ሕንፃው መቼ ተሠራ፣ ከኪራይ ሌላ በየወሩ የሚከፈለው (መኪና ማቆሚያ፣ ቆሻሻ፣ ውሃ፣ የጋራ አገልግሎት) ተደምሮ ስንት ይሆናል። መያዣን በተመለከተ፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ወዲህ በሜሪላንድ ለተፈረመ ሊዝ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ዲሲም አንድ ወር ነው፣ ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ትፈቅዳለች።

"ልጅ ያለው ሰው ዲሲ አይኖርም"

ልጁ ሦስት ወይም አራት ዓመት ከሆነ ይህ አባባል በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል። ዲሲ እስከ መስከረም 30 (በፈረንጆቹ) ሦስት ዓመት ለሚሞላቸው ልጆች በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነፃ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ትሰጣለች፤ ቦታው የሚገኘው በማይ ስኩል ዲሲ ዕጣ ሲሆን ማመልከቻው በፈረንጆቹ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ዕጣ ነውና የሚፈልጉት ትምህርት ቤት ላይደርስዎት ይችላል፣ ከትምህርት በኋላ ለሚቆይበት ሰዓትም ይከፈላል። በሞንጎመሪ በአንጻሩ ገቢው ደህና የሆነ ቤተሰብ እስከ መዋዕለ ሕፃናት ድረስ በራሱ ኪስ ነው፤ የሙሉ ቀን የሕፃናት ማቆያ በወር 2,000 ዶላር ገደማ መጠየቁ የተለመደ ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው ግብር ከተከፈለበት ገንዘብ የሚወጣ ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ በዲሲ 700 ዶላር የሚበልጥ ኪራይ ርካሹ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ሒሳቡን እንደ አዲስ መሥራት ነው።

"ለጊዜው ቤዝመንት ይበቃኛል፣ ወረቀት አያስፈልግም"

ቤዝመንቱ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው፤ ስህተቱ ወረቀት የለሽ መሆኑ ላይ ነው። ሊዝ ከሌለ የመንጃ ፈቃድ ለማዞርም ልጅ ለማስመዝገብም የመኖሪያ ማረጋገጫ ማቅረብ ይከብድዎታል። ባለቤቱ የካውንቲው የማከራያ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። የመኝታ ክፍሉን መስኮት ይለኩ፦ ለአደጋ ጊዜ መውጫ የሚሆን መስኮት ቢያንስ 5 ካሬ ጫማ ያህል የሚከፈት፣ ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች ከፍ ያላለ መሆን አለበት። መስኮት የሌለው ክፍል በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው።

"20 በመቶ ሳልይዝ ቤት አልገዛም፤ እቁቤ ሲደርሰኝ እገዛለሁ"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው በመደበኛው ብድር 3 በመቶ፣ በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው ብድር) ደግሞ የክሬዲት ነጥቡ 580 ከሆነ 3.5 በመቶ ይዞ መግዛት ይችላል። ልዩነቱ የብድር መድኑ (ለአበዳሪው ዋስትና ተብሎ ገዢው የሚከፍለው) ላይ ነው። በመደበኛው ብድር ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ መድኑ እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል፤ 78 በመቶ ሲደርስ በራሱ ይነሳል። በኤፍኤችኤ ከ10 በመቶ በታች ከፍለው ከገቡ መድኑ ብድሩ እስኪያልቅ ይቆያል።

እቁብን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው ገንዘቡን ባንክ አስገብቶ መሄድ ነው። አበዳሪው ግን የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ያያል፤ ድንገት የገባ 20,000 ዶላር ካገኘ ምንጩን ይጠይቃል፣ መልስ ከሌለ ገንዘቡን አይቆጥርልዎትም። የሚያስገርመው የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው የፋኒ ሜ ደንብ የማኅበር ቁጠባን በግልጽ ይቀበላል፦ ከእቁቡ ሰብሳቢ የጽሑፍ ማረጋገጫና እርስዎ በየጊዜው መክፈልዎን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረቡ። ስለዚህ እቁብዎን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከባንክ በሚተላለፍ ክፍያ ይጣሉ። ዕጣው ደርሶዎት ገና የሚጥሉት ከቀረ ደግሞ ያ ወርሃዊ ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጠራል፤ መጀመሪያ ላይ የደረሰው ሰው መበደር የሚችለው መጠን የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

"ኮንዶ ከታውንሃውስ ይረክሳል"

የመሸጫ ዋጋው ይረክስ ይሆናል። ነገር ግን በ6.5 በመቶ ወለድ የ30 ዓመት ብድር ላይ በወር 450 ዶላር ወደ 71,000 ዶላር ብድር ይከፍላል። ስለዚህ 450 ዶላር ወርሃዊ የኮንዶ ክፍያ ያለው ቤት ሲያዩ ዋጋው ላይ 71,000 ደምረው ያወዳድሩ፤ ክፍያው ውሃ፣ ጋዝና የሕንፃ መድን የሚሸፍን ከሆነ ያንን ይቀንሱ። በሜሪላንድ የኮንዶ ሕንፃዎች በየአምስት ዓመቱ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት ማሠራት ግዴታቸው ነው። የኮንዶ ባለቤቶች ማኅበሩን ሰነድ በተቀበሉ በ7 ቀን ውስጥ ከውሉ መውጣት ይችላሉ፤ በእነዚያ ቀናት ጥናቱን፣ የመጠባበቂያውን ሒሳብና የቅርብ ጊዜ ቃለ ጉባኤዎችን ያንብቡ። "ጣሪያ"፣ "ጋራዥ"፣ "ሊፍት" የሚሉ ቃላት በቃለ ጉባኤው ከተደጋገሙና መጠባበቂያው ባዶ ከሆነ ከባለቤቶቹ የሚሰበሰብ ልዩ መዋጮ መምጣቱ አይቀርም።

"የሻጩን የግብር ደረሰኝ አይቻለሁ፣ የእኔም ያው ነው"

በሜሪላንድ ለዋና መኖሪያ ቤት የሚሰጥ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለ፤ ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይጨምር ይገድባል፣ በሞንጎመሪ 10 በመቶ ነው። ለረጅም ዓመት የኖረ ሻጭ ደረሰኝ ዝቅ ያለው በዚህ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ቅናሹ ይቀርና እርስዎ በሙሉ ግምቱ ይከፍላሉ። ባንኩም ጉድለቱን ለመሙላት በሁለተኛው ዓመት ወርሃዊ ክፍያዎን ከፍ ያደርጋል፤ "ሞርጌጄ የማይለወጥ ነው ብለውኝ ነበር" የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ቤቱን ሲያዩ የሻጩን ደረሰኝ ትተው ከስቴቱ የንብረት መዝገብ ሙሉ ግምቱን አውጥተው በግብሩ መጠን ያባዙ። ቤቱን ከያዙ በኋላም የሆምስቴድ ማመልከቻውን ይላኩ፤ የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ካልተሞላ ግን ቅናሹ በራሱ አይመጣም።