«በቴሌቪዥን ከታየ ሀብታም ነው» እና ሌሎች ተረቶች

ሥራዬ ፕሮዳክሽን ማናጀርነት ነው። ተዋናይ የምጠራው፣ ውል የማስፈርመው፣ ቀብድ የምሰጠው እኔ ነኝ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የተዋናዮችን ኪስ ሲቆጥር መስማት ሰልችቶኛል። ስለ ተዋናይ ከሚወሩት ተረቶች ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርስና ወደ ዋናው እንሂድ።

«መልክ ካለ በቃ።» አይበቃም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ፊቱን ያየ አድማጭ አልነበረም። ጉዱ ካሣን በድምፁ ብቻ ነው ያሳየን። ተኳኩሎ ኦዲሽን መጥቶ ሁለት መስመር በወጉ መናገር ያቃተውን ስንቱን ሸኝቻለሁ!

«የመድረክ ሰው ለካሜራ አይሆንም።» ደበበ እሸቱ የመድረክ ሰው ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተጫውቷል።

«ክፉ ሆኖ የሚጫወት ክፉ ነው።» እባካችሁ! በድራማ ላይ እንጀራ እናት ሆና አገር የሚረግማት ተዋናይ አውቃለሁ። ቀረጻ ላይ ለመብራት ሠራተኞቹ ምሳ የምታስቀምጠው እሷ ናት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «በቴሌቪዥን ከታየ ሀብታም ነው።» ይህን ያመነች አንዲት አከራይ፣ ተከራይዋን በድራማ ካየቻት ማግስት ኪራይ ጨመረችባት። ልጅቷ ጓደኛዬ ናት። ድራማው ካለቀ በኋላ ለወራት ሥራ አልነበራትም። ሜክሲኮ ታክሲ ስትሳፈር ረዳቱ «መኪናሽን የት አቆምሽው?» ይላታል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ካፌ ከገባችም ሂሳብ ከፋይዋ እሷ ናት፤ ሌላው ቦርሳውን እንኳ አይነካም።

ክፍያው እንዲህ ነው። የብሔራዊ ቲያትር ወይም ከ1927 ጀምሮ ያለው የሀገር ፍቅር ቲያትር ተቀጣሪ ወር ጠብቆ ደመወዝ ይቀበላል፤ የመንግሥት ደመወዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ተቀጣሪ ያልሆነው በፊልም በጥቅል ዋጋ ይስማማል፣ በተከታታይ ድራማ ደግሞ በክፍል። ቀብድ ይወስዳል፣ ቀሪውን ሲጨርስ ይቀበላል፣ በቃ። አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ በድጋሚ ቢታይ የሚጨመርለት የለም። «ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ሰው አይቶላችኋል» ትሉናላችሁ። ገንዘቡ የሚገባው ለቻናሉ ባለቤት ነው። በዚያ ላይ «ልብስ ይዘሽ ነይ» እንላታለን። ለአንድ ትዕይንት ቀሚስ ተበድራ የመጣች አለች።

ፈቃዱ ተክለማርያምን አስታውሱ። ያን ያህል ዘመን በመድረክ፣ በፊልምና በትረካ ያገለገለ ሰው ነው። በ2010 ከማረፉ በፊት ኩላሊቱን ሲታመም ለሕክምናው ገንዘብ የተሰበሰበው ከሕዝብ ነበር። ሀብቱ የት ነበር ታዲያ?

ማስታወቂያ ይሻላል፣ አልክድም። ግን ማስታወቂያ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፣ እነሱም ተመሳሳይ ፊቶች ናቸው።

ወደ ሙያው ለምትገቡ ልጆች ከተረቱ ይልቅ ይህን ልንገራችሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም፣ ማለትም እንደ ተዋናይ ላሉት፣ መብት ይሰጣል፤ እናንተ ግን ውሉን ሳታነቡ ትፈርማላችሁ። የቀረጻው ቀን ብዛት ይጻፍ። ከዚያ ካለፈ በቀን ስንት እንደሚጨመር ይጻፍ። ሌሊት ስንጨርስ ማን ቤት እንደሚያደርሳችሁም ይጻፍ። ፊልሙ ተቆርጦ ለማስታወቂያ ቢውል ክፍያው ለብቻው ይሁን። ከሁሉም በላይ «ቀሪው ፊልሙ ሲመረቅ ይከፈላል» የሚል ውል አትፈርሙ፤ «ቀረጻ ሲያልቅ» በሉ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የቀሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ የተዋናዮቹም ቀሪ ክፍያ እዚያው ቀርቷል።

ይህን ስትጠይቁኝ ቅር አይለኝም። ፕሮዲዩሰሩ ቅር ቢለው እሱን ለእኔ ተዉት።